በሰንበት ያላረፈው አገልጋይ

ለእናቴ ማን ነገራት? ይህን ጥያቄ ይዤው ስዞር ዓመታት አለፉ፣ መልሱን ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም፣ እናንተም ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ መልስ የሚመስል ነገር ብልጭ ካለላችሁ እባካችሁ ለራሳችሁ ያዙት፣ እኔ ለመስማት ዝግጁ መሆኔን አላውቅም።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም። ያደግኩት በጎንደር ገጠር ነው፣ እዚያ ደግሞ ጎረቤቶቻችን እኛን አይሁዶቹን ራሳችንን ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ሆነው ይሄዳሉ ይሉን ነበር፣ እኔ ጅብ ሆና የሄደች እናትም አክስትም ስለሌለችኝ፣ ሰው የሌለ ነገር አየሁ ብሎ ሲጀምር ከልጅነቴ ጀምሮ ጆሮዬን እደፍናለሁ። ፊደል የቆጠርኩት እዚህ ቤር ሼቫ ከመጣሁ በኋላ፣ ልጅ ወልጄ ነው። ቀን ፋብሪካ፣ ማታ ትምህርት ቤት እያልኩ የሁለተኛ ደረጃን ፈተና ያለፍኩት ጠጉሬ መሸበት ሲጀምር ነው፣ ዘግይቶ የተማረ ሰው ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ የተጻፈ ነገር ሁለቴ ሳያነብ አያልፍም። አሁን የምሠራው ቤተ መጻሕፍት ነው፣ አንባቢ የመለሰውን መጽሐፍ ወደ መደርደሪያው እመልሳለሁ፣ ቦታውን የሳተ መጽሐፍ አይቼ ሳላስተካክል ከወጣሁ ራቴ አይበላልኝም። ይህን የምላችሁ ራሴን ላወድስ አይደለም፣ ያየሁትን ያየሁት በቀን፣ መነጽሬን አድርጌ መሆኑን እንድታምኑኝ ነው።

እናቴ ሽኩና አሌፍ በሚባለው ሰፈር፣ ደረጃው የተሸራረፈ አሮጌ ሕንፃ ላይ ነበር የምትኖረው፣ አባቴ ካረፈ በኋላ እኔም ልጄን ሺራን ይዤ አብሬያት ገባሁ። ዕድሜዋ ሲገፋ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ ቁልፏን ረሳች፣ ቀጥሎ የሰው ስም፣ ቀጥሎ ከገበያ ወደ ቤት የሚመልሳትን መንገድ፣ አንድ ቀን ጠፍታብን ከተማውን ስናስስ ታሃና መርካዚት፣ ሩቅ አገር የሚሄዱት አውቶቡሶች የሚቆሙበት ቦታ፣ ዘንቢሏን ታቅፋ አገኘናት። «ወዴት ነሽ?» ብላት «ወደ ቤት» አለችኝ፣ «የቱ ቤት?» ብላት የመንደራችንን ወንዝ ስም ጠራችልኝ። ሐኪሙ የሕመሙን ስም ነገረን፣ መድኃኒቱን ስንጠይቀው ግን ወደ መስኮቱ ማየት ጀመረ።

ታናሽ ወንድሜ አስማረ ናታኒያ በምትባል ሌላ ከተማ ነበር የሚኖረው፣ ሥራው ኮምፒውተር መጠገን ነው። ሐኪሙ መስኮት መስኮቱን ማየቱን በነገርኩት በሳምንቱ ከሥራ ቦታው የተጣለ አንድ ግዙፍ ኮምፒውተር መኪናው ውስጥ ጭኖ መጣና ሳሎናችን ውስጥ፣ ከእናቴ ወንበር ፊት ለፊት ተከለው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

«ለእማዬ ነው፣ እታለም።»

«እማዬ ኮምፒውተር ምን ታደርግበታለች?»

«እሷ ምንም አታደርግበትም። እሱ ነው የሚሠራላት።»

ነገሩን ያስረዳኝን ያህል ላስረዳችሁ። ሰውነታችን ውስጥ ፕሮቲን የሚባለው ነገር እንደ ረጅም ሰንሰለት ተሠርቶ ሲያበቃ በራሱ ጊዜ ይታጠፋል፣ ተስተካክሎ ከታጠፈ ሥራውን ይሠራል፣ ተሳስቶ ከታጠፈ ግን ይከማቻል፣ በእናቴ ዓይነት ሕመምተኞች አእምሮ ውስጥ እንዲህ ተሳስቶ የታጠፈ ፕሮቲን ተከምሮ ይገኛል ይላሉ። እንዴት እንደሚታጠፍና የት ላይ እንደሚሳሳት ለማወቅ የሚያስፈልገው ስሌት አንድ ማሽን ብቻውን የሚዘልቀው አይደለም፣ ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ሥራውን እየቆራረሱ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሁሉ ቤት ድረስ በኢንተርኔት ይልኩታል፣ የዚያ ሰው ኮምፒውተር ባለቤቱ በማይጠቀምበት ሰዓት ቁራሹን ያሰላል፣ ሲጨርስ ይልካል፣ ሌላ ይቀበላል።

«ደቦ በዪው» አለኝ አስማረ። «ያንን ሁሉ እርሻ አንድ ሰው አይጨርሰውም፣ ሁሉም ከየቤቱ በሬውን ይዞ ይወጣል። እኛም አንድ በሬ አዋጣን።»

አንድ ጠባይ ነበረው፣ ይህንን ልብ በሉልኝ። ሰው ከሌለ ማራገቢያው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይሠራል፣ አንድ ሰው ማውሱን ነካ ሲያደርገው ግን ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ሥራውን ገታ አድርጎ ለመጣው ሰው ቦታ ይለቃል፣ እንግዳ ሲገባ ብድግ እንደሚል ጨዋ ልጅ ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ ደግሞ ያ ሰንሰለት በየቀለሙ ሲጠማዘዝ ይታያል፣ ከታችም ሥራው የት እንደደረሰ የሚያሳይ መስመር አለ። እናቴ ከቴሌቪዥን ይልቅ እሱን ማየት ወደደች።

«ምን እያደረገ ነው?»

«እያጠፈ ነው እማዬ» አላት አስማረ።

«ጎሽ፣ ይማር። ይቺ እኅትህ እንደሁ መጽሐፍ እንጂ አንሶላ ማጠፍ አታውቅም።»

ሳቅን። ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠና «በሰንበትስ?» አለች።

«በሰንበት ምን?»

«በሰንበትም ይሠራል?»

«እሱ አይደክመውም እኮ እማዬ።»

«ደከመው አልደከመው አልጠየቅሁህም። ኦሪት አንተም ልጅህም አገልጋይህም በሬህም ይረፍ ነው የሚለው። በሬ ነው ስትል የሰማሁ መሰለኝ።»

አስማረ ሊከራከራት ብሎ አየኝ፣ እኔም ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ፣ እናቴ የልጅ ልጇን ስም በምትረሳበት ሰዓት እንኳ ሰንበትን አትረሳም። ስለዚህ ተስማማን፣ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገመዱን ከሶኬቱ እነቅለዋለሁ፣ ቅዳሜ ሲመሽ እመልሰዋለሁ። እኔም እንዲህ ያለው ሥራ ከተሰጠኝ እንደማልዘነጋው ወንድሜ ያውቃል፣ በየሳምንቱ ስነቅለው መስመሩ የት እንደደረሰ አይቼ፣ ገመዱን ጠቅልዬ ወለሉ ላይ፣ ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ አኖረው ነበር።

ለፋሲካ አስማረ መጣ፣ አንድ ሣጥን ብርቱካን ትከሻው ላይ አድርጎ ደረጃውን ሲወጣ ፊት ለፊታችን ያሉት ጎረቤታችን እማማ ትርንጎ በራቸውን ከፍተው ነበር፣ ከእናቴ ጋር ካንድ መንደር የመጡ፣ አስማረን ጡት ሳይጥል ጀምሮ የሚያውቁት ሰው ናቸው፣ እሱን ሲያዩ ግን ሰላም ሳይሉት በሩን መልሰው ዘጉት። «እማማ ትርንጎ ምን ሆኑብኝ? ተቀየሙኝ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

የሞተው ሻቩዖት የሚባለው የመከር በዓል አልፎ፣ ሙቀቱ ሲጀምር ነው። አርባ ዓመት በወጉ አልሞላውም፣ ሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለ፣ በቃ። ቤተ መጻሕፍት ተደውሎልኝ እንዴት ሰፈራችን እንደደረስኩ አላስታውስም፣ እናቴ ቤት ከመግባቴ በፊት ግን የእማማ ትርንጎን በር አንኳኳሁ። «እማማ፣ ሞተብን» አልኳቸው። የያዙትን ድስት ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት፣ አልጮኹም፣ ማን ብለውም አልጠየቁኝም፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ብቻ «እኮ» አሉ።

በኛ ወግ መርዶ እንደ ሰላምታ በየትም አይነገርም። ሽማግሎች ተሰብስበው፣ ማለዳ፣ ሐዘንተኛው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ዘመድ ዙሪያውን ይዞት ነው የሚረዳው፣ እስከዚያ ድረስ ወርም ይሁን ዓመት ይደበቃል፣ ወደዚህ አገር ስንመጣ በሱዳን መንገድ ያለቁትን ስንቶቹን ስንት ጊዜ ቆይተን ነው የሰማናቸው። የእናቴን መርዶ ለመምከር የተሰበሰቡት ሽማግሎች ግን ያልለመዱት ነገር ገጠማቸው። «ዛሬ ብናረዳት ነገ ትረሳዋለች፣ ነገም ልጄ የት አለ ትላለች» አሉ ከመካከላቸው አንዱ። «በየማለዳው ልናረዳት ነው? አንዲት እናት ስንት ጊዜ ትረዳ?» እንዳይነገራት ተቆረጠ። ቀበርነው፣ ሺቭዓውን፣ የሰባቱን ቀን ሐዘን፣ ናታኒያ ሚስቱ ቤት ተቀመጥን፣ ለእናቴ ስለ እኔ «ዝናሽ ለሥራ ሄዳለች» ተባለላት፣ ሰፈሩ በሙሉ አፉን ዘጋ፣ ሊጠይቃት የሚመጣ ሰው እንባውን ደረጃው ላይ እየጠረገ ነበር የሚገባው።

ከሺቭዓ ስመለስ የኔ ሥራ ተጀመረ። አስማረ ዓርብ ዓርብ ይደውልላት ነበር፣ እናቴም ሌላውን ስትረሳ ይህችን አልረሳችም።

«አስማረ ደወለ?»

«ደውሏል እማዬ፣ ተኝተሽ ነበር።»

«ምን አለ?»

«ምንም የለም። ደህና ነው። ሰላም ብሎሻል።»

እመኑኝ፣ እኔ ውሸት አልችልበትም፣ ድምፄ ይቀጥንብኛል፣ ስለዚህ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር መርጬ፣ አጥንቼ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነበር የምላት። እሷም አገጯን ነቅነቅ አድርጋ ወደ ስክሪኑ ትመለሳለች። ኮምፒውተሩን ማጥፋት አልሆነልኝም፣ በአስማረ ስም ነበር የሚሠራው፣ ያዋጣው በሬ ነው፣ ዓርብ እየነቀልኩ ቅዳሜ ማታ እየመለስኩ ቀጠልኩበት።

አሁን ወደዚያች ሰንበት ልምጣ።

ከበረሃ የሚነፍሰው ትኩስ ነፋስ ከተማውን በአቧራ የሸፈነበት ቀን ነበር፣ ከምሳ በኋላ ነው፣ መስኮቶቹ ሁሉ ተጋርደዋል፣ ሰፈሩ ጭጭ ብሏል፣ ሺራ ራሞት ሰፈር ጓደኛዋ ጋ ሄዳለች፣ ሠራተኛም አልነበረም፣ ቤቱ ውስጥ እናቴና እኔ ብቻ ነን። ክፍሌ ውስጥ እያነበብኩ ነበር። አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ ቀጭን፣ እየወጣ የሚሄድ፣ ፍሪጁ ነው ብዬ ገጽ ገለጥኩ፣ ከዚያ የጎረቤት ማቀዝቀዣ ይሆናል አልኩ፣ ድምፁ ግን እኔ የማውቀው ድምፅ ነው፣ ሥራ ሲበዛበት እንዲያ ነው የሚለው፣ ገመዱን የነቀልኩት ደግሞ እኔው ነኝ። ከዚያ ከድምፁ ሥር የእናቴን ድምፅ ሰማሁ፣ ዝቅ አድርጋ፣ በሥራ ላይ ያለ ሰው አጠገብ ተቀምጠን እንደምናወራው፣ አንድ ቃል ብላ፣ መልስ የሚያህል ጊዜ ቆይታ፣ ሌላ ቃል።

ወጣሁ። እናቴ ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠግታ ተቀምጣለች፣ መጀመሪያ ያየሁት ግን እሱን አይደለም፣ ነጠላዋን ነው። አዘቅዝቃዋለች፣ ጥለቱ አንገቷ ሥር ወጥቷል። ሐዘንተኛ ነው እንደዚያ የሚለብሰው። ያውም በሰንበት፣ ሐዘን የተቀመጠ ሰው እንኳ ሐዘኑን በሚያቆምበት ቀን፣ ሰንበትን ከማንም በላይ የምታከብር እናቴ። ረስታ ነው አልኩ፣ ላይና ታቹ ጠፍቷት ነው፣ የሚያመኝን ነገር ሁሉ በሕመሟ ማሳበብ ለምጄ ነበርና።

ስክሪኑ ጥቁር ነው። ገመዱ ዓርብ እንዳኖርኩት ተጠቅልሎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፣ የመሰኪያው ጥርሶች ወደ ላይ አፍጥጠዋል። ማራገቢያው ግን ይዞራል። ጎንበስ ብዬ ሣጥኑ ላይ እጄን አኖርኩ፣ ሞቃት ነው፣ የበረሃ ሙቀት አይደለም፣ ግድግዳውንም ጠረጴዛውንም ነክቼ አመሳክሬያለሁ፣ እነሱ ቀዝቃዛ ናቸው፣ ይህ ለብ ያለ፣ ከውስጥ የሚመጣ፣ ገና የተነሣ ሰው የለቀቀው ወንበር ዓይነት ሙቀት ነው። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፣ በልማድ መሰለኝ፣ ማውሱን ነካሁት።

ድምፁ ዝቅ አለ። ቦታ ለቀቀልኝ።

«ለምን አቋረጥሽው?» አለች እናቴ፣ ተቆጥታ። «ትንሽ ነው የቀረው። እኔም ሰንበት ነው ተው ብዬዋለሁ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ አለኝ።»

«ማን ነው እማዬ? ማንን ነው የምታዋሪው?»

ዘወር ብላ አየችኝ፣ እናም ያቺን አስተያየት ልነግራችሁ አልችልም፣ ሕመሙ ከገባባት ወዲህ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም፣ ዓይኗ ጥርት ያለ፣ እኔን በደንብ የሚያውቀኝ፣ ያዘነልኝ ዓይን ነው። እጄን ያዘች፣ መታ መታ አደረገችው።

«ምንም የለም» አለችኝ። «ደህና ነው። ሰላም ብሎሻል።»

ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።

እግሯ ሥር ቁጭ አልኩ። የማደርገው ሲጠፋኝ ነጠላዋን ገልብጬ አስተካከልኩላት፣ እሷም እንደ ሕፃን ተወችኝና፣ ስጨርስ፣ ቀስ ብላ፣ አልተቸኮለችም፣ መልሳ አዘቀዘቀችው። ማራገቢያው መቼ እንደቆመ አላስተዋልኩም።

ሲመሽ ገመዱን ሰካሁ፣ ዓርብ መስመሩ ከመሀል ፈቀቅ አላለም ነበር፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አሁን ሥራው ተጠናቆ ተልኳል ይላል፣ አዲስ ሥራም እየጠበቀ ነው። ዓርብ ተሳስቼ አይቼ ይሆን? ይሆናል እላለሁ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ አይሆንም እላለሁ። ቤተ መጻሕፍታችን የሚመጣውን ጠጋኝ፣ ምክንያቱን ሳልነግረው፣ ከሶኬት የተነቀለ ትልቅ ኮምፒውተር ሊሠራ ይችላል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ከጸለይሽለት» ብሎ ቀለደብኝ። መርዶውን አምልጦት የነገራት ሰው ይኖራል ብዬም ቤታችን የገባውን የወጣውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠይቄያለሁ፣ ሁሉም በልጆቹ ማለልኝ። የምትንከባከባት ሴትዮ ከሩሲያ የመጣች ናት፣ ካማርኛ የምታውቀው «ውኃ» የሚለውን ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ዓርብ ዓረፍተ ነገሬን አጥንቼ ጠበቅሁ። እናቴ አስማረ ደወለ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። ከዚያ በኋላም እስክትሞት ድረስ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም፣ ዓርብ ሲመሽ ብቻ በጎን እያየችኝ፣ አንዳንዴም ሳህኔ ላይ ከራሷ ትጨምርልኝ ነበር፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ላዘነ ሰው እንደሚደረገው።

በቀጣዩ ክረምት እሷም አረፈች። ኮምፒውተሩን ነቅዬ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባሁት፣ ልጥለው ብዬ ደረጃው ድረስ አውርጄው መልሼ አወጣሁት። ያቺን ሰንበት ለማንም አልተናገርኩም፣ ለሺራም ቢሆን፣ «ኢማ፣ ማ ካራ?» ምን ሆነሻል እናቴ፣ እያለች ስትጠይቀኝ ራሴን አሞኝ ነው እላት ነበር።

የተናገርኩት የእናቴ ሙት ዓመት የታሰበ ዕለት ነው። ጸሎቱ አልቆ፣ ሰዉ በልቶ ተበትኖ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እማማ ትርንጎና እኔ ብቻ ወጥ ቤት ቀርተን ሳህን ስናጥብ፣ ውኃው እየፈሰሰ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ማራገቢያውን፣ ሙቀቱን፣ ነጠላዋን፣ ያለችኝን ቃል። ይስቁብኛል ወይም ይደነግጡብኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን የያዙትን ብርጭቆ ማጠባቸውን አላቋረጡም።

«ለካ ያኔውኑ አውቀሻል» አሉኝ።

«ምኑን እማማ?»

«እናትሽ እንደምታውቅ። እኔማ አደራ ብላኝ ደብቄሽ ነበር እኮ። ዝናሽ ደካማ ናት፣ ወንድሟን ትወዳለች፣ ጊዜው ሳይደርስ እንዳትነግሯት ብላ አስምላኝ።»

«መቼ ነው ያስማለችዎት?»

«ለፋሲካ ቤት ስናጸዳ ነዋ።»

ውኃውን ዘጋሁት። በፋሲካ አስማረ በሕይወት ነበረ፣ ብርቱካን ተሸክሞ ነበር የመጣው። እማማ ትርንጎም የማስበውን ያወቁ መሰለኝ፣ አንገታቸውን ደፉ።

«እኔም ሕመሟ ነው ብዬ ናቅሁት» አሉ። «ኋላ እሱ ደረጃውን ሲወጣ ሳየው ግን ፊቱን ማየት አቃተኝ። ምን ልበለው? ሬሳ ሰላም አይባል። አንቺም በሬን ስታንኳኪ ማንን ብዬ ልጠይቅሽ፣ ሁለቱንም መርዶ ነግራኝ…»

ብርጭቆውን አስቀመጡት።

«ሁለቱንም?» አልኩ። «እማማ፣ ሁለት ማን?»

እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ አደራረቁ፣ ነጠላቸውን ሰበሰቡ፣ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደው መለስ አሉና ሺራ ከሠራዊት መቼ ነው የምትመጣው አሉኝ፣ ዓርብ አልኳቸው፣ ደውላለች ወይ አሉኝ፣ ገና ናት አልኳቸው።

«እማማ፣ በኦሪቱ ይዤዎታለሁ፣ ሁለተኛው ማን ነው?»

እርጥብ እጄን ያዙና መታ መታ አደረጉት።

«ምንም የለም ልጄ» አሉኝ። «ደህና ናት። ሁሉም ደህና ነው።» ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር፣ ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ ዓርብ ዓርብ የኔ ነበር።